በር ዝግ ሆኖ ተገኝቷል

ጥር 10 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ ለባለ ቆጣሪው፤

በቅድሚያ ቁጭ ይበሉ። ተቀምጠው ከሆነም ግድግዳ ይደገፉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በታላቅ ሐዘን ውስጥ ሆኜ ነው። ዘመድ አዝማድ ድንገት ሰምቶ እንዳይደነግጥ ቀስ አድርገው ያስረዱልኝ። ከሥራዬ ተሰናብቻለሁ።

ምን አጠፋህ አይበሉኝ፤ ምንም አላጠፋሁም። ውሳኔው ከበላይ የመጣ ነው። በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ እኔው በምሠራበት ሊፍት ውስጥ እኔው እንድለጥፈው ተሰጠኝ። ሰው የራሱን መርዶ በራሱ ሙጫ ሲለጥፍ አይተው ያውቃሉ? እንዲህ ይላል፦ «የካቲት 23 ቀን የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሕንፃው ዝግ ነው። የሊፍት ሠራተኛው አይገባም።»

አዎ፣ ለአንድ ቀን ነው። ግን አንድ ሙሉ ቀን እኮ ነው! ያን ቀን ማንን አወጣለሁ? ማንን አወርዳለሁ?

ሊፍት ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላጥራ። ባለፈው ደብዳቤዎ «ሰውን ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ሳደርግ እውላለሁ ብለህ መጻፍህ አሳፍሮኛል፤ እኔ ተሳዳቢ አላሳደግኩም» ብለው ተቆጥተውኛል። አጎቴ፣ ሊፍት ነው የምሠራው! ጠዋት ከፍ አደርጋቸዋለሁ፣ ማታ ዝቅ አደርጋቸዋለሁ፣ እነሱም አመስግነውኝ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ስድብ የት ይገኛል?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በዓሉ ለእርስዎም በዓል ነው፤ የዚያን ቀን የማንንም የመብራት ቆጣሪ አያነቡም። ንጋት ላይ የሚነሳው አውቶቡስ ሦስት ሰዓት እዚህ ይገባል፣ የመልሱ አሥር ሰዓት ይነሳል። መሐሉ ሰባት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ውስጥ ይቺን ከተማ ከነጓዳዋ አሳይዎታለሁ። ማረፊያ አያስቡ። ቤቴ እንደሆነ ሰው አይጠፋበትም፤ ጓደኛ ይገባል ጓደኛ ይወጣል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ሳይበርድ ያድራል። ለእርስዎ ስል ለአንድ ቀን ሁሉንም አስወጣቸዋለሁ፤ ይቀየሙኝ።

ከተያየን አራት ዓመት ሆነን። እኔ አሁን ቁመቴ ጨምሯል፤ እርስዎ ምን እንደጨመሩ አላውቅም። ይምጡ።

ከሰባተኛ ክፍል የተመረቀው
የእህትዎ ልጅ

ጥር 23 ቀን

ለተወደድከው ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህ እንዲበዛ፣ የምትቆምበት መሬት እንዲጸናልህ እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለማንበብ ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፊደልህን አተልቀው። ድሮም የጉንዳን ሰልፍ ነበር፤ አሁን ግን ጉንዳኖቹ ራሳቸው ከስተዋል።

«ተሰናብቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ቀሪውን ያነበብኩት ውኃ ጠጥቼ ነው። አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን የእውነት ቸግሮህ ብትጽፍልኝ በምን አውቅልሃለሁ?

እመጣለሁ። ለመሥሪያ ቤቴም ነግሬያለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ መናኸሪያ ድረስ እንዳትመጣ። ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሳፈላልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የአንተን አላጣውም። ቤትህ ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ። የሥራችንን ደንብ ታውቃለህ፤ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፣ የሚከፍት ከጠፋ ወረቀት ጥሎ መሄድ ነው። በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ክልክል ነው። ቀልድህን ይዘህ አልጋ ሥር ብትደበቅ፣ ወረቀቴን ጥዬ ውልቅ ነው የምለው።

ስለ ጓደኞችህ ብዛት ደስ ብሎኛል። አታስወጣቸው፣ ልተዋወቃቸው።

ከተማውን ማየቱ ባይሆንም ግድ የለኝም። የምመጣው ይህ በዓል እንዳያልፈኝ ብዬ ነው። አንተን ልይህ፣ ይበቃኛል።

አጎትህ

የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ይኸው አተለቅኩልዎ። ጉንዳኖቹን ቀልቤያቸዋለሁ፤ አሁን ዝሆን አክለው በአንድ ገጽ ከስምንት መስመር በላይ አይገቡም። ከዚህ በላይ አተልቅ ካሉኝ ግድግዳ ላይ ጽፌ ግድግዳውን በአውቶቡስ እልክልዎታለሁ። መነጽር መግዛት ፈርተው ነው አይደል? ያረጁ እንዳይመስሉ! ነቅቼብዎታለሁ።

የዕለቱ መርሐ ግብር ጸድቋል። መጀመሪያ ወደ ሕንፃችን እንሄዳለን። ዘበኛው ቁልፉን ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። ሊፍቱን አስነስቼ፣ ኮፍያዬን አድርጌ፣ «ስንተኛ ፎቅ ይሂዱ ጌታዬ?» እልዎታለሁ። «ዘጠነኛ» ይሉኛል፣ ኮስተር ብለው። ከዘጠነኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች፤ ወንዙ፣ የባቡሩ መስመር፣ ሰው ሁሉ ያሰጣው ልብስ ሳይቀር። ከዚያ ወንዙ ዳር በእግር። ከዚያ ፎቶ። አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም እኮ! እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ እጄን ትከሻዎ ላይ አድርጌ እንደ ትልቅ ሰው እቆማለሁ። ከዚያ ምሳ። ከዚያ በዓል ስለሆነ የተዘጉትን ሱቆች ሁሉ በመስታወት እያየን «ውድ ነው፣ ውድ ነው» እያልን እናልፋለን።

መናኸሪያ አልመጣም። እርስዎ ካሉ አለቀ። እጄን አጣጥፌ ቤቴ እቀመጣለሁ። እኔ መቼ ዋሽቼዎት አውቃለሁ?

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ላልመጡት እንግዳ፤

ሰላምታ የለም። ተቀይሜያለሁ።

አዎ፣ መናኸሪያ ሄጃለሁ። እሺ፣ ዋሽቻለሁ። እቅዱ እንዲህ ነበር፦ ከአሮጌ የልብስ ብሩሽ ፀጉር ቆርጬ ሪዝ ሠራሁ፣ በሙጫ ለጠፍኩት፣ የሊፍት ኮፍያዬን አጠለቅኩ፣ ደብተር ያዝኩ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ፊትዎ ተገትሬ «አባት፣ ከተማ የመግቢያ ፈቃድ አለዎት?» ልልዎ ነበር። እርስዎ ኪስዎን ሲዳብሱ፣ እኔ ሪዜን ስነቅል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊፍት ውስጥ ስለማመደው ከርሜያለሁ። አንዲት የአምስተኛ ፎቅ ጸሐፊ ብቻዬን ሳወራ ሰምታ አሁን በደረጃ ነው የምትወጣው።

በበዓል ቀን መጓጓዣ ስለማይገኝ ከቤት የወጣሁት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ቤቴ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው አውቶቡስ ገባ። የሉም። ተኝተው አምልጦዎት ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ወደ ቤት ልመለስ ስል ደግሞ «ስመለስ ቢገባስ?» እያልኩ ቆምኩ። አምስት አውቶቡስ ገባ። ከኋላቸው እርስዎን የሚመስሉ ስንት ሽማግሌዎች እንዳሉ ያወቅኩት ትናንት ነው። አንዱ ኮታቸው፣ አረማመዳቸው፣ ቁርጥ እርስዎ! ሮጬ «አባት፣ ፈቃድ አለዎት?» ስላቸው ደንግጠው ሻንጣቸውን መሬት ላይ ዘረገፉት። ልጃቸው መጣች።

«ምን ሆነህ ነው አንተ? አባቴን ምን አደረግከው?»

«ይቅርታ፣ አጎቴ መስለውኝ ነው።»

«አጎትህን እንደዚህ ነው የምትቀበለው?»

ሸሚዝ በሸሚዝ እየሰበሰብኩ አጣጠፍኩላቸው። ሪዜ እየተላቀቀ አንደኛው ጎኑ አፌ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «አይዞህ፣ ይመጣል» አሉኝ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

መናኸሪያው ባዶ ሆነ። ሻይ ቤቱ ዝግ፣ ጋዜጣ ሻጩ የለ፣ የሚጠርገው ሰውዬ እንኳ የለ። አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ ነበር፤ እሱም ሥራ ስላጣ አባብሎ አነሳኝ። «ወደ መሐል ጠጋ በል እንጂ፣ ጎንህ ያለውን ቦታ ለምን ተውከው?» አለኝ። «ሰው ይመጣል» አልኩት። ፎቶውን አልክልዎትም።

የመጨረሻው አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ወጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቤቴ ገባሁ። በሬ ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? «ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ በር ዝግ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት! ይታይዎ፣ በበዓል ቀን! የዚህ ከተማ ቆጣሪ አንባቢዎች ዕረፍት አያውቁም። አጎቴ፣ የሙያ ባልደረባዎ እንኳ መጥቶ አንኳኩቷል፤ እርስዎ ግን ቀሩ።

ታመው ከሆነ ይጻፉልኝ። ካልታመሙም ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 27 ቀን

ለተወደድከው ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤ ትልክ እንደሆነ ብዬ አራት ቀን ጠበቅኩ፤ እስካሁን አልደረሰኝም። እኔ ልጻፍ።

በአውቶቡስ አልመጣሁም። የመሥሪያ ቤታችን የጭነት መኪና ለአስቸኳይ ጥገና ምሰሶ ጭኖ ወደ እናንተ ሊሄድ ነው ሲሉኝ፣ ከሾፌሩ ጋር ተሳፈርኩ። ከሌሊት ተነስተን ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ድረስ አደረሰኝ። «አሥር ሰዓት እዚሁ ጥግ ላይ ይጠብቁኝ» ብሎ ሄደ። አውቶቡሱን በአንድ ሰዓት ቀደምኩት፤ ተኝተህ አገኝህ ይሆናል ብዬ ነበር ደስ ያለኝ።

ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ተጠግቼ፣ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። «መጣሁ» ይላል።

መጣሁ ያለ ሰው ሩቅ አይሄድም። ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ ነው፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው እያልኩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ አላውቅም፤ ደንባችን አይፈቅድም። የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር እነሳለሁ። ለሌላ ሰው ተነስቼ ሰላም ማለት ሲበዛብኝ ጊዜ፣ ኮቴ ስሰማ መነሳቱን ተውኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊት ለፊት የምትኖረው ሴትዮ ከሄደችበት ተመለሰች።

«አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«የእህቴን ልጅ ነው። መጣሁ ብሏል፤ አሁን ይደርሳል።»

«ኧረ እሱን ወረቀት አይመኑት! ከተለጠፈ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ሁለት ዓመት?»

«ገብቶም እዚያው ነው፣ ወጥቶም እዚያው ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እጠብቀው ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። ይግቡ፣ ቤት ይቀመጡ።»

አልገባሁም። ስትመጣ ሳልታይህ እንዳትቀር ብዬ።

ቆጣሪህ ደረጃው አጠገብ ነው የተሰቀለው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆጣሪ ፊት የተቀመጠ ቆጣሪ አንባቢ ምን ያደርጋል? አነበብኩት። የሁለት ዓመቱ ካርድ በየወሩ እየተሞላ ተሰክቶበታል። ልጄ፣ እኔ ሰውን የማውቀው በዚህ ነው። ልጅ የተወለደበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሰው ታሞ መብራት የሚያድርበትን አውቀዋለሁ። እንግዳ የማይጠፋበትንም አውቀዋለሁ። ያንተ ካርድ ላይ ያለው አንድ አምፖል ነው። እሱም ቶሎ የሚጠፋ። ምድጃ የለም። ሬዲዮ የለም። ሰው የለም።

ለምን ዋሸኸኝ ብዬ አልጠይቅህም። ልወቅስህም አይደለም፤ አንብቤ መዝለል ስለማልችል ነው።

እኔም የደበቅኩህ አለ። የግራ ዓይኔ አልቋል። የቀኙን ሐኪሙ እስከ ክረምት ነው የሰጠው። ለመሥሪያ ቤቴ አልተናገርኩም፤ ካወቁ በማግስቱ ያሰናብቱኛል። አንተ እንደምትሰናበተው ለአንድ ቀን አይደለም። ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ያልታየኝን ደግሞ ካለፈው ወር እየገመትኩ ነው የምውለው። ይህንን በቃሌ ልነግርህ ነበር። ፊትህንም በደንብ ላየው ነበር።

መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ተነሳሁ። ኪሴ ውስጥ የሥራ ወረቀቶቼ ነበሩ፤ እጄን ልማዱ ወስዶት አንዱ ላይ የቆጣሪህን ቁጥር ሞልቼ በበርህ ሥር ሰደድኩት። መንገድ ላይ ነው ስሜን አለመጻፌ ትዝ ያለኝ።

አልተቀየምኩህም። ሰላም ሁን።

አጎትህ

መጋቢት 21 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ይህኛው ለቀልድ አይደለም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልስ ሳልጽፍ ቀርቼ አይደለም፤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቱንም ቀደድኳቸው። ሁሉም በቀልድ ነበር የሚጀምሩት። አንደኛው «የከተማው ሰላይ ለሆኑት አጎቴ» ይላል። ሳነበው እኔኑ አሳፈረኝ።

ያንን «በር ዝግ» የሚለውን ወረቀት ጥዬው ነበር። ቆሻሻ መጣያውን ገልብጬ አወጣሁት። የቁጥር ጽሕፈትዎን ሕፃን ሆኜ ከደብተርዎ ላይ እያየሁ ነው የተማርኩት፤ ዘጠኝዎ ጅራቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዘጠኙ እዚያው አለ፣ ታጥፏል። እጄ ላይ ይዤው ነው ስለ ሌላ ሰው የቀለድኩት። በበሬ ሥር የገባውን የእጅ ጽሕፈትዎን አላወቅኩትም።

ቆጣሪው እውነቱን ነው። ምድጃ የለኝም፤ ዳቦ ገዝቼ እገባለሁ። አምፖሉ ቶሎ የሚጠፋው ቶሎ ስለምተኛ ነው። ቶሎ የምተኛው ሌላ የማደርገው ስለሌለ ነው። ሊፍት ውስጥ በቀን ሁለት መቶ ሰው አገኛለሁ፤ ሁሉም የሚያየው በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ካንዱ ጋር ቀልድ ጀምሬ ሳልጨርሰው ፎቁ ይደርሳል። ቀልዶቼ በሙሉ ፎቅ ላይ ፎቅ ላይ ቀርተዋል። ለእርስዎ ስጽፍ ብቻ ነው እስከ መጨረሻው የምደርሰው። ለዚያ ነው ደብዳቤዬ የሚረዝመው።

ወረቀቱን የለጠፍኩት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሙሉ ወር ማንም ሳያንኳኳ ያለፈ ጊዜ ነው። «መጣሁ» ካልኩ፣ ሰው ያላንኳኳው ወጥቼ መስሎት ነው እላለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ እርስዎን ደረጃ ላይ አስቀመጠብኝ። ልጬ ጥዬዋለሁ። ሥሩ ያለው የበሩ ቀለም አዲስ ሆኖ ቆይቷል፤ ሌላው ደብዝዟል።

አሁን ይስሙኝ። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት። «የዓመት ፈቃድህ መቼ ነው?» አለኝ። «ክረምት ላይ» አልኩት። «እንግዲያው ክረምት ላይ ሂድ» አለኝ። ክረምት አይሆንም አልኩት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ የእርስዎ ጉዳይ ነው። ዘበኛውን ለመንኩት። ሊፍቱን አንድ ቀን እሱ ሊይዝልኝ፣ እኔ ደግሞ ስድስት እሑድ እሱን ተክቼ በር ልጠብቅ ተስማማን። ሊፍት ለመንዳት ሦስት ቀን አስተማርኩት። አራተኛና አምስተኛ መሐል ሁለት ጊዜ ተሰቅሎ ቀርቷል። አለቃው ገና አላወቀም፤ የሚያውቀው በዕለቱ ነው።

ሚያዝያ 8 ማክሰኞ ነው። በዓል አይደለም፤ እርስዎም ሥራ ላይ ነዎት። ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ሥራዎን አያቋርጡ። ምሳም አያሰናዱ። አብረን እንዙር። እርስዎ ያንኳኩ፣ ሰላም ይበሉ፤ ሰዎቹ የሚያውቁት እርስዎን ነው። ቁጥሩን እኔ አነባለሁ። ጆሮዎ ሥር ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይጽፋሉ። ማን ነው ካሉ፣ የእህቴ ልጅ ነው፣ ሥራ ፈት እንዳይሆን ይዤው ወጣሁ ይበሏቸው። ያልታየዎትና የገመቱት የትኞቹ ቤቶች እንደሆኑ ያስታውሱ፤ ከእነሱ እንጀምራለን።

ፊቴንም ያዩታል። ሪዝ አልለጥፍም።

ከዚያ በኋላ እስከ ክረምት እንዴት እንደምናደርግ አላውቅም። አንድ ማክሰኞ ብቻ ነው ያገኘሁት።

አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁበትን ነገር ቅድም ለዘበኛው ላስረዳው ሞክሬ ነበር። ለካ ሲነገር አጭር ነው። አንድ ሰው በር ላይ ቁጭ አለ፣ አንድ ሰው መናኸሪያ ቆመ፣ መሸ፤ ሁለቱም ወደየቤታቸው ገቡ። ዘበኛው «ከዚያስ?» አለኝ። «በቃ፣ ይኸው ነው» አልኩት። የሞተ የለም፣ የጠፋ ዕቃ የለም። «ታዲያ ይቺ ምን ነገር ናት?» አለኝ። ቀላል ነገር ናት አልኩት። እውነትም ቀላል ነገር ናት።

የእህትዎ ልጅ